«ምንም የለውም» ያልኩ ቀን

በችኮላ የመለስኩት አንድ ጥያቄ አለ። ከመለስኩት ዓመት አልፎታል፤ እሱ ግን እኔን አልለቀቀኝም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ የቡና። አዳማ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደምትሆን የኖራችሁባት ታውቃላችሁ። ሙቀቱ አልበረደም፣ ነፋሱ በግቢው በር ስር አቧራ እየጠረገ ያስገባል፣ አከራያችን እማማ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው በሌላው ቶናውን ይቀዳሉ። እኔ ጭኔ ላይ የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ከምሬ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። በዚያ ሰሞን ከግቢያችን ጀርባ ባለው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ጣሪያ ላይ የኔትወርክ ታወር ቆሞ ስለነበር ጨዋታው ሁሉ እሱ ነው። አንዱ ቲክቶክ ላይ ያየውን፣ ሌላዋ ከዘመዷ የሰማችውን ታመጣለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እማማ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብለው ወሬውን በገላገሉን ነበር፤ ያን ቀን ግን እሳቸውም ሰግተዋል።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለችው ልጅ እምብዛም አትናገርም። ካገባች ገና ዓመት አልሞላትም። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን አብዛኛውን ብቻዋን ናት። ሲኒዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸርዬ፣ አንቺ ባዮሎጂ አይደለሽ የምታስተምሪው፤ ይሄ የኔትወርክ ጨረር ዲኤንኤ ይበጥሳል የሚሉት እውነት ነው?»

«ኧረ ምንም የለውም» አልኳት። ቀና እንኳ አላልኩም። አንዱ ተማሪ ሚቶኮንድሪያን «የሕዋስ አእምሮ» ብሎት፣ እሱን እያሰመርኩበት ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ራጅ መሰለሽ እንዴ? ስልክ እኮ ነው።»

ዝም አለች። እማማ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ልጄ» አሉና ከሰሉን ቆሰቆሱት። በረካው ሳይደርስ ልጅቷ ራሴን አመመኝ ብላ ተነስታ ገባች።

ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ልብስ እያሰጣሁ እማማ አጠገቤ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይቺ ልጅ እኮ አስወርዷት ነው። ዘጠኝ ሳምንቷ ነበር። ለሰው አልተነገረም። ማታ ማታ ስልኩን ሆዷ ላይ አድርጋ መዝሙር ታሰማው ነበር፤ አሁን በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት እያለች ታለቅሳለች።»

እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለካ የታወሩን ነገር አልነበረም የጠየቀችኝ። ሰው በተሰበሰበበት ቡና ላይ «እኔ ነኝ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ጥያቄውን ታወሩ ላይ ሰቅላ አመጣችው። እኔ ደግሞ ታወሩን ብቻ አየሁ። እሱንም በቅጡ አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተለመደ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ሲያቅተኝ አነባለሁ።

ነጩ ክር

በየዓመቱ ተማሪዎቼን የማሳያቸው አንድ ነገር አለ። ሙዝ በፌስታል ጨፍልቀን፣ ጨውና ፈሳሽ ሳሙና ያለበት ውኃ እናገባበትና በፋሻ እናጠልለዋለን። ከዚያ ማለዳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ በአደራ ያስቀመጥኩትን አልኮል አስመጥቼ በብርጭቆው ግድግዳ በኩል ቀስ አድርጌ አወርደዋለሁ። አልኮሉ ከላይ ይንሳፈፋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ቀጥሎ ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት መስመር ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይነሳል። ስንጥር አስገብተህ ቀስ ብለህ ስትጠመዝዘው ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ነጭ፣ ዝልግልግ ክር። «ቲቸር፣ ንፍጥ ይመስላል!» የማይል ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። ዲኤንኤ ያ ነው፤ የዘር መመሪያ የተጻፈበት ክር፣ የብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት በአንድ ላይ ተጣብቆ።

ሁልጊዜ አንድ ቸኩሎ የሚያማስል ልጅ አለ። እሱ ብርጭቆ ውስጥ ረጅሙ ክር አይወጣም፤ የተበጣጠሰ ፍርፋሪ ብቻ ነው የሚታየው። በማንኪያ ብቻ ይበጠሳል ማለት ነው። ይህን ለዓመታት ሳሳይ ኖሬ፣ ልጅቷ «ይበጠሳል ወይ?» ስትለኝ ለምን እንደዚያ እንደመለስኩ አላውቅም። የዲኤንኤ መበጠስ ብርቅ ነገር አይደለም። የእያንዳንዳችን እያንዳንዱ ሕዋስ፣ ማንም ምንም ሳያደርገው፣ በምንተነፍሰው ኦክስጅንና በራሱ ውስጥ ባለው ውኃ ብቻ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ይደርስበታል። ሕዋሱም ሌት ተቀን ይጠግነዋል። ጥገናው እንዴት እንደሚካሄድ ያሳዩት ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ. በ2015 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ስለዚህ ጥያቄው ጨረሩ ክሩን ይነካዋል ወይ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዋሱ በየቀኑ ከሚጠግነው ላይ የሚታይ ነገር ይጨምራል ወይ ነው። እንዲህ ሲቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን «አላውቅም፣ ላንብብ» ስል ሰማሁት።

ድር ቢያብር

ክፍል ውስጥ ነገሩን አነሳሁት፤ ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ ሞገዱ። ብርሃንም፣ ራጅም፣ የስልክ ሞገድም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው ጉልበታቸው በምን ያህል መጠን እየተቆረሰ እንደሚመጣ ነው። በ1,800 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ስልክ የሚልካት አንዷ ቁራሽ የአንድ ኤሌክትሮን ቮልት (በአተም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት መስፈሪያ ነው) መቶ ሺኛ እንኳ አትሞላም። ዲኤንኤን አያይዞ የሚያቆመውን ማሠሪያ ለመበጠስ ሦስት አራት ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፤ ግማሽ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ገላችን በ37 ዲግሪ ሙቀቱ ብቻ ሞለኪውሎቹን የሚንጥበት ጉልበት እንኳ ከዚያች ቁራሽ ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ታዲያ ቲቸር፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ትንንሾቹ ቢደመሩስ?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው አስደሰተኝ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ በሆዱ የያዘው ይህንኑ ነው። አንድ ጊዜ ባይጎዳ፣ ቀንም ሌትም ሲሆን ይጠራቀማል። ለብዙ ነገር እውነት ነው። እዚህ ላይ ግን ድሩ አያብርም። አንድ ኩንታል ጤፍ በፍሬ በፍሬ እየወረወርክ የቆርቆሮ በር አትበሳም፤ ለመብሳት አንድ ምስማር ይበቃል። ማሠሪያውን የሚበጥሰው ለብቻው የሚበቃ ጉልበት ይዞ የሚመጣ ቁራሽ ነው። ምስማሩን ማየት የፈለገ እኩለ ቀን ላይ አዳማ አስፋልት ላይ ይቁም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳችን ውስጥ ገብቶ በክሩ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ፊደላትን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ይህ የተረጋገጠና በየቀኑ የሚሆን ነው። ጥላ ይዛ ገበያ የምትሄደው እናት ዲኤንኤዋን እየጠበቀች ነው፤ እሷ ግን ለፊቷ ነው የምትለው።

ልጁ አልለቀቀኝም። «ታዲያ ማይክሮዌቭ ምግብ እንዴት ያሞቃል?»

ልክ ነው። ድሩ የሚያብርበት አንድ ቦታ አለ፤ ሙቀት። ጤፉ በሩን ባይበሳውም፣ በብዛትና በፍጥነት ሲወርድበት ያግለዋል። ምድጃውም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ የሚጠቀምበት ሞገድ ከዋይፋይ ጋር ጎረቤት ነው፣ ኃይሉ ግን እጅግ ይበልጣል። ዓለም አቀፉ የጥበቃ መመሪያም የተቀመረው በዚሁ ሙቀት ላይ ነው። ለሕዝብ የተቀመጠው ጣሪያ ጭንቅላት ወይም ደረት ላይ ባለ 10 ግራም ሥጋ ውስጥ በኪሎ 2 ዋት ነው፤ ሙሉ ሰውነት ላይ ሲሆን 0.08 ዋት።

ስለ ታወሩ ደግሞ ሰፈሩ የማያውቀው ነገር አለ። አንቴናው ጨረሩን እንደ መኪና መብራት ወደ ፊት ነው የሚልከው፤ ከእግሩ ስር ያለው ቤት የሚደርሰው ትንሽ ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ወደ ሩብ ይወርዳል። ስልኩ ግን እጃችን ላይ ነው፣ ያውም ታወሩ ሲርቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጮኽ ነው። የቀድሞዎቹ የሁለተኛው ትውልድ ስልኮች በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት ድረስ ይወጣሉ፤ ኔትወርኩ ቅርብ ሲሆን ደግሞ ከዚያ እጅግ ዝቅ ይላሉ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ታወሩን ቢያስነሳው ኖሮ፣ ልጅቷ ትራስ አጠገብ ያለው ስልክ ይበልጥ ይጮኽ ነበር።

ጅራታም ኮከብ

እስከዚህ ድረስ መጀመሪያ ካልኩት ብዙ አልራቅኩም። ያስደነገጠኝ ቀጥሎ ያነበብኩት ነው። ቁራሿ ትንሽ ናት ብዬ ጉዳዩን ዘግቼው ነበር፤ ላብራቶሪ ገብተው ያዩት ሰዎች ግን ሁሉም አንድ ነገር አላዩም።

የተበጠሰ ዲኤንኤ የሚታይበት ዘዴ ውብ ነው። ሕዋሱን ጄሊ በመሰለ ነገር ውስጥ አድርገው መስታወት ላይ ያነጥፉታል፣ ሽፋኑን ያሟሙታል፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ዲኤንኤ ነጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ይሳባል። ያልተበጠሰው ክር ተጠቅልሎ ቦታው ላይ ይቀራል፤ ቁርጥራጩ ግን እየተጎተተ ይወጣል። ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ክብ ራስና የተበተነ ጭራ አለው፤ ቁርጥ ጅራታም ኮከብ። ጭራው ሲረዝም ጉዳቱ በዝቷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ሄንሪ ላይና ናሬንድራ ሲንግ የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦችን ለሁለት ሰዓት በ2.45 ጊጋኸርዝ ሞገድ ካቆዩ በኋላ የአንጎላቸው ሕዋሳት ጭራ እንዳወጡ ጻፉ። ሲንግ ይህን ዘዴ ካሻሻሉት ሰዎች አንዱ ነው፤ እጁ ያልለመደ ሰው አይደለም። ዓለም ተንጫጫ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሴንት ሉዊስ ያለ ሌላ ላብራቶሪ ሥራውን ሊደግመው ሞከረና ጭራውን አላገኘውም። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የዚሁ ግልባጭ ነው። አንዱ አየሁ ይላል፣ ሌላው ደግሜ ሠራሁት አጣሁት ይላል። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ብዙ ላብራቶሪዎች የተሳተፉበትና ሪፍሌክስ የተባለው ፕሮጀክት ሳይቀር የሰው ሕዋስ ላይ ጉዳት አየሁ ብሎ ቁጥሮቹ ለዓመታት አከራከሩ።

ማታ ማታ ይህን ሳነብ የቸኮለው ተማሪዬ ብርጭቆ ፊቴ ላይ ይመጣል። ክሩ በማንኪያ ከተበጠሰ፣ ላብራቶሪ ውስጥ በእጅ አያያዝ፣ በሙቀት ትንሽ ከፍ ማለት፣ በጄሊው ጥራትም ይበጠሳል። የትኛው መስታወት ጨረር ያገኘ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጭራውን ከለካው ደግሞ ዓይኑ ሳያውቀው ያስረዝመዋል። ፈተና የማርም ሰው ነኝ፤ የጎበዝ ተማሪ ስም ያለበት ወረቀት ላይ እጄ እንዴት እንደሚለሰልስ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሁለት መቶ በላይ ጥናቶችን ሰብስቦ ያወዳደረ አንድ ሥራ ያገኘውም ይህንኑ ነው። የሚለካው ሰው የትኛው ጨረር እንዳገኘ እንዳያውቅ ተደርጎ፣ ጨረር ሳይለቀቅበት የተለቀቀበት የሚመስል ማነጻጸሪያ ተቀምጦ፣ መጠኑ በትክክል ተለክቶ፣ ጥናቱ በጥንቃቄ በተሠራ ቁጥር ጉዳቱ እየሳሳ ይሄዳል። ከፊዚክሱ ስሌት ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው።

ግን ንጹሕ ሆኖ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን ያወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ ቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም አይጦችን ከጽንስነታቸው ጀምሮ ለሁለት ዓመት፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ መላ ገላቸውን ከሰው ገደብ እጅግ በላቀ መጠን ሲያስጨርራቸው ከርሞ፣ በወንዶቹ ልብ ላይ ዕጢ አገኘ። በአንዳንድ የአካል ክፍሎችም የዲኤንኤ ጉዳት ምልክት አለ አለ። ጨረር ያገኙት ወንዶች ግን ካላገኙት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖሩ! እዚያው ውስጥ አንድ መስመር ላይ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ፤ በከፍተኛው መጠን የተጨረሩ እናቶች የወለዷቸው ግልገሎች ክብደታቸው ቀንሶ ነበር፤ በኋላ ግን አድገው እኩል ሆነዋል። ያቺ ልጅ ይህን መስመር ብቻ ቆርጦ የለጠፈ ሰው ቢገጥማትስ ብዬ አሰብኩ።

ቆርጦ መለጠፍ ካልን፣ ሁሉም የሚጠቅሰው «የዓለም ጤና ድርጅት ካንሰር ያመጣል ብሏል» የሚለውን ነው። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን ምድብ 2ቢ ውስጥ ከቶታል፤ «ሊሆን ይችላል፣ ማስረጃው ግን ውስን ነው» የሚባሉት የሚቀመጡበት መደዳ ነው። እዚያ መደዳ ላይ እስከ 2016 ድረስ ሃያ አምስት ዓመት ማን ተቀምጦ እንደነበር ታውቃላችሁ? ቡና። የእማማ ጀበና። ይህን ለእማማ ስነግራቸው በጣም ተቆጡ፤ በኤጀንሲው ሳይሆን በእኔ። በኋላ ድርጅቱ ባስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ሰፊ ግምገማ ደግሞ በሞባይል ስልክ መጠቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አልተገኘም።

የወንጂ ውኃ

ይሁንና ሰው የማይታይ ነገር ሲፈራ የምስቅበት አፍ የለኝም። አባቴ ያደገው ወንጂ ነው።

የዚህ አካባቢ ሰው ጥርሱን አይቶ ጥርስህን የት አበቀልከው አይባልም፤ ይታወቃል። በስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጥማት ይቆርጣል። የአባቴ የፊት ጥርሶች ቡናማ ናቸው። ፎቶ ሲነሳ ከንፈሩን ይገጥማል፤ የሠርጉ ፎቶ ላይም እንደገጠመ ነው። በስተእርጅና ደግሞ አንገቱ አልዞር አለ። ሰው ከጀርባው ሲጠራው መላ ሰውነቱን ይዞ ነው የሚዞረው፣ እንደ በር። ልጅ ሳለሁ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ የማይታይ ነገር አጥንት ድረስ እንደሚገባ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ፍሎራይዱ ላይ እንዲህ ያለ ክርክር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በአካባቢው ከዚያ ብዙ እጥፍ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። ውኃው ውስጥ ያለው ሲጨምር የጥርሱ መቡነን ይጨምራል፣ ሲበዛና ዘመን ሲቆጠር አጥንቱ ይደርቃል። ወንጂ የሆነው ሕንድም ቻይናም ካለው ጋር አንድ ነው። የለካው ሰው ማንም ይሁን ማን ያንኑ ያገኛል። ጉዳት ሲኖር መልኩ እንዲህ ነው፤ መጠኑን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሬዲዮ ሞገዱ ላይ ሠላሳ ዓመት የተፈለገው ይኸው መስመር ነበር፤ እኛ ስልክ በምንይዝበት መጠን እንዲህ ጥርት ብሎ አልወጣም።

የሚገርመው፣ ለፍሎራይዱ ማንም ፊርማ ሲያሰባስብ አላስታውስም። ታወር ግን ቀይ መብራት አለው፣ ከፍ ብሎ ይታያል፣ የቆመውም በሰው ጣሪያ ላይ ለሰው ኪራይ ነው። ፍርሃታችን ግማሹ ጨረር ነው፣ ግማሹ «እኛን ማን ጠየቀን?» ነው። ሁለተኛው ትክክል ነው ባይ ነኝ።

ከታወሩ ስር ሌላ ነገር አለ። ጄኔሬተር። መብራት በጠፋ ቁጥር እየተንደቀደቀ ይነሳና ጭሱ በነፋሱ አቅጣጫ በቀጥታ ወደ እኛ ግቢ ነው። የናፍጣ ሞተር ጭስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዚያው ኤጀንሲ ምድብ 1 ውስጥ ነው፤ ከሲጋራ ጋር። ካንሰር ያመጣል የሚለው ጥርጣሬ አይደለም፣ ተረጋግጧል። ቡና ላይ ቁጭ ብለን ጣታችንን ወደ አንቴናው ቀስረን ጭሱን እየሳብን ነበር ማለት ነው። ያንን ያየ ሰው በግቢው አልነበረም፣ ባዮሎጂ የማስተምረውን እኔን ጨምሮ።

ደጃፏ ላይ

ወደ ልጅቷ ለመሄድ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ብርቱካን ገዛሁ። ክፍሏ ገብቼ ስቀመጥ ቀድማ «እማማ ነግረውሻል አይደል?» አለችኝ፤ ቅሬታ የለውም፣ ድካም ነው ያለው።

ያነበብኩትን ልነግራት ጀምሬ ቁራሽ፣ ኤሌክትሮን ቮልት ስል ዓይኗን አየሁትና ተውኩት። ሌላ ነገር ጠየቅኳት።

«መዝሙሩን ከየት ነበር የምትከፍቺው? ከኢንተርኔት?»

«የምን ኢንተርኔት ቲቸርዬ፤ ካርዱን ማን ይችለዋል? ሚሞሪ ላይ ነው ያስጫንኩት።»

«እንግዲያ ስልኩ የሚያወራው ብዙም አልነበረም። ሳትደውዪ፣ ዳታ ሳትከፍቺ ከሆነ አልፎ አልፎ አለሁ ለማለት ነው እንጂ የሚልከው ነገር የለም። ሆድሽ ላይ የነበረው እንደ ቴፕ ነው።»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ያን ሁሉ ሌሊት ያነበብኩትን ትቼ ስለ ጽንስ ነገርኳት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ምክንያታቸው የክሮሞዞም፣ ማለትም የዲኤንኤው ክር ጥቅሎች፣ ቆጠራ ስህተት ነው፤ 46 መሆን ሲገባው አንድ ተርፎ ወይም ጎድሎ ይጀመራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው 16ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ሆኖ ነው። እንዲህ ያለው ጽንስ እናቱ ብትተኛም ብትሮጥም አይዘልቅም። ክሮሞዞሞቹ ሲከፋፈሉ ስህተቱ የሚፈጠረው በአመዛኙ እንቁላሏ ላይ ነው፤ እንቁላሏ ደግሞ ያንን ክፍፍል የጀመረችው ልጅቷ ራሷ ገና በእናቷ ማህጸን ሳለች ነው። ስልክ ሳይገዛ፣ መዝሙሩ ሳይዘመር።

«የእኔም እሱ ነው?»

እዚህ ላይ እንደ በፊቱ ብመልስ ቀላል ነበር። «አልተመረመረምና የአንቺን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አልኳት። «ግን ስልኩ ነው የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ፈልጌያለሁ፣ የእውነቴን ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን እንደዚያ አልሽኝ?»

የተዘጋጀሁበት ጥያቄ አልነበረም። «ወረቀት እያረምኩ ነበር» አልኳት። እውነቱ እሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፣ ሳቅ ለመሆን ትንሽ የቀረው ፈገግታ።

ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ዘጠኝ ሳምንት ላይ ጽንስ አይሰማም። ያን ሁሉ ማታ መዝሙሩን የሰማችው እሷ ብቻ ናት። ማወቁ ምን እንደሚጠቅማት አልታየኝምና ዋጥኩት።

ብርቱካን ስንልጥ መብራት ጠፋ። ከጀርባ ጄኔሬተሩ ሁለት ሦስቴ አስነጥሶ ተነሳ። ጭሱን ነገርኳት፤ ብድግ ብላ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋችው፣ መጋረጃውንም ጎተተችበት። ክፍሉ ወዲያው ሞቀ። ስልኳ ጠራ፤ ባሏ ነበር። ከአልጋው ማዶ ቲቪው ላይ ነው ያስቀመጠችው። ሄደች፣ እዚያው እንዳለ በስፒከር ከፈተችውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እጇን ሆዷ ላይ አጣጥፋ አነጋገረችው።